ተያዥ የሌለው ሶፍትዌር፦ ዝግጁ ኮምፖነንት ስንመርጥ የምንዘላቸው የጥራት መስፈርቶች

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወራ፣ ፕሮጀክት ላይ ግን ጉድ የሚያፈላ ነው። ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠውን ዝግጁ የሶፍትዌር ኮምፖነንት ስንመርጥ ከቴክኒኩ ውጪ ምን ማየት አለብን? ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ብነግራችሁ እንቅልፍ ስለሚያመጣ በእኛው ቡድን ላይ ከደረሰው ልጀምር።

አምና ሦስተኛ ዓመት ሳለን ለሶፍትዌር ምህንድስና ኮርስ አራት ሆነን ለአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም ሠርተን ነበር። ሲስተሙ የታካሚውን ካርድ ይመዘግባል፣ የላቦራቶሪ ውጤት አትሞ ያወጣል፣ በወሩ መጨረሻም ሪፖርት ያዘጋጃል። መመዝገቡ አልከበደንም። ያስቸገረን ማተሙ ነበር። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት፣ ሠንጠረዥና አርማ ያለው ወረቀት የሚያወጣ ፕሮግራም ከባዶ ተነስቶ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ዝግጁ የሪፖርት ኮምፖነንት ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ወጣን።

አምስት አገኘን። እንደ ጎበዝ ተማሪም የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ሠራን። ፍጥነት፣ የአማርኛ ፊደል አያያዝ፣ ፒ.ዲ.ኤፍ. የማውጣት ችሎታ፣ የሜሞሪ ፍጆታ፣ ምኑ ቅጡ፤ ሃያ ያህል መስፈርት ደረደርን። አንዱ ኮምፖነንት ሌሎቹን ጥሎ አለፈ። አወረድነው፣ ገጠምነው፣ ሠራ። ደስ አለን።

ፕሮጀክታችንን ያቀረብን ዕለት መምህራችን ያንን ሠንጠረዥ ቆም ብለው አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ይህን ዕቃ የሠራው ማነው?»

ተያየን። «ቲቸር፣ ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው» አልን። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ለቤታችሁ ዘበኛ ስትቀጥሩ ተያዥ ትጠይቁ የለም እንዴ? የዚህስ ተያዡ ማነው?» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ቀልድ መስሎን እኛም አለፍን።

ሁለት ወር ሞላ። አንድ ቀን ጠዋት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ደወሉልን። «ልጆቼ፣ ወረቀታችሁ ላይ የሆነ እንግሊዝኛ ተጋድሞበታል። ከሥሩ ያለው ቁጥር አይነበብም» አሉን። ሄደን አየነው። ያወረድነው ለካ የ60 ቀን የሙከራ ቅጂ ኖሯል። ቀኑ ሲያልቅ በየገጹ መሃል «የሙከራ ቅጂ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያትማል። ጽሑፉ ያረፈው ደግሞ ልክ የላቦራቶሪው ውጤት ላይ ነው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ውጤቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሲገባ ቁጥሩ 110 ይሁን 170 ለመለየት ወረቀቱን ወደ መስኮት ማዞር ያስፈልግ ነበር።

ሌላ መፍትሔ እስክናገኝ ድረስ እትዬ ለሦስት ሳምንት ያህል ውጤቱን ከስክሪን ላይ እያዩ በእጃቸው ገለበጡ። አንድ ቀን አንድ አኃዝ ተሳስተው ጻፉ፤ ደግነቱ ሐኪሙ ደረሰበት። ጉዳዩ የማርክ ጉዳይ እንዳልሆነ የገባን ያን ዕለት ነው። ልብ በሉ፣ ከሃያዎቹ መስፈርቶቻችን አንዱም አልወደቀም። ኮምፖነንቱ ፈጣን ነበር፣ አማርኛም አሳምሮ ይጽፍ ነበር። የወደቅነው ሠንጠረዣችን ላይ ባልነበረው ነገር ነው።

ቴክኒካዊ ያልሆነ ጥራት ስንል

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶፍትዌር ጥራት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ2001 የወጣውን አይ.ኤስ.ኦ. 9126-1 የተባለውን ደረጃ ነው። ስድስት ባሕርያትን ይዘረዝራል፦ ተግባር፣ አስተማማኝነት፣ ለአጠቃቀም ምቹነት፣ ቅልጥፍና፣ ለጥገና አመቺነት እና ወደ ሌላ ሲስተም መዛወር መቻል። በ2011 በ25010 ሲተካ ባሕርያቱ ስምንት ሆኑ፤ በ2023ቱ እትም ደግሞ ዘጠኝ። ቁጥሩ ይጨምር እንጂ የሚናገሩት ሁሉ ስለ ዕቃው ነው። ዕቃውን ማን እንደሠራው፣ በምን ውል እንደሰጠን፣ ነገ የት እንደምናገኘው አይናገሩም።

ይህን ክፍተት ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። ባርሴሎና በሚገኘው የካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እነ ሻቪየር ፍራንክ በ2000ዎቹ አጋማሽ የአይ.ኤስ.ኦ.ን ዝርዝር በቴክኒካዊ ያልሆኑ ባሕርያት አስፋፍተውታል። እነዚህንም በሦስት ረድፍ አስቀመጧቸው፦ አቅራቢው፣ ወጪው እና ምርቱ ራሱ። እኔም ይህንኑ ሦስት ረድፍ ተከትዬ፣ በመጨረሻ ከእኛ አገር ልምድ አራተኛ ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፦ አቅራቢው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ብቻ ሰምቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ሊብሬው በማን ስም ነው ብሎ ይጠይቃል። ሶፍትዌር ላይ ስንደርስ ግን ይህ ጥያቄ ከየት እንደሚጠፋብን አላውቅም።

መጋቢት 2016 ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ብቻ ያላት የጃቫስክሪፕት ኮድ ነበረች። ሥራዋ ከቃል በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ነው፤ አንደኛ ዓመት ተማሪም ይጽፋታል። ባለቤቷ በሌላ ፓኬጅ ስም ምክንያት ከአንድ ኩባንያና ከማከፋፈያው ከኤን.ፒ.ኤም. ጋር ተጣላና ከ250 በላይ ፓኬጆቹን ከማከፋፈያው አወረደ። ሌፍት-ፓድም አብራ ወረደች። በሰዓታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ፕሮጀክት አልገነባም አለ። ብዙዎቹ እንዲህ የምትባል ኮድ እንዳለቻቸው እንኳ አያውቁም ነበር፤ የገባችው በሌላ ኮምፖነንት ሆድ ውስጥ ነዋ! ኤን.ፒ.ኤም. ኮዷን መልሶ በማስቀመጥ ነገሩን አበረደው። ኮዷ ላይ አንዲት ስህተት አልነበረም። ችግሩ የሰዎች ጠብ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የኢንተርኔትን ምስጢራዊ ግንኙነት የሚጠብቅ ኮምፖነንት ነው፤ ባንኩም ሱቁም ይጠቀምበታል። ሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲታወቅ አብሮ የታወቀ ሌላ ነገር ነበር። ይህን ያህል ዓለም የተደገፈበት ፕሮጀክት በመዋጮ የሚያገኘው በዓመት ወደ 2,000 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ትልልቅ ኩባንያዎች ደንግጠው በሊነክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት።

ሦስተኛው የ2024ቱ የኤክስ.ዜድ. ዩቲልስ ጉዳይ ነው። ይህ ፋይል የሚያጭቅ ኮምፖነንት በአንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ያለ ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ አንድ እንግዳ ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ፣ እየተላመደ፣ በመጨረሻም የማሻሻል ሥልጣን አገኘና የጓሮ በር ቀበረበት። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሩንድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር መገናኘት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ባይመረምር ኖሮ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር መገመት ይቻላል። ወገኖቼ፣ ይህ ቀዳዳ የገባው በኮድ ድክመት አይደለም። የገባው በሰው ብቸኝነት በኩል ነው።

ስለዚህ ስለ አቅራቢው የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ኮምፖነንቱን የሚጠብቁት ስንት ሰዎች ናቸው? የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ ወጣ? ችግር ሲነገራቸው በስንት ጊዜ ይመልሳሉ? የሚኖሩት በምንድን ነው? ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኛ ለፍጥነት መለኪያው ሁለት ቀን ስናጠፋ ለዚህ አምስት ደቂቃ አልሰጠነውም።

ሁለተኛ፦ ወጪው

ወጪ ሲባል የመግዣው ዋጋ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የላይሰንሱ ዋጋ አለ፣ የየዓመቱ ማደሻ አለ፣ የሥልጠናው አለ፣ ኮምፖነንቱ የሚፈልገው ሰርቨር አለ፣ በመጨረሻም ኮምፖነንቱን አውጥቶ ሌላ መተካት የሚያስከፍለው አለ። የእኛው የሪፖርት ኮምፖነንት ዋጋው በእያንዳንዱ ፕሮግራመር፣ በየዓመቱ፣ በዶላር ነበር። ያውም ዓለም አቀፍ የክሬዲት ካርድ ይጠይቃል። አራታችን ኪሳችንን ብናራግፍ የሚወጣው የታክሲ ሳንቲም ነው። የክሊኒኩ ባለቤትም ቢሆኑ ለዚህ የውጭ ምንዛሪ ከየት ያመጣሉ?

የምንዛሪውን ነገር ካነሳን፣ የአገራችን ፕሮጀክት ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ቀን አለ። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዓመት 500 ዶላር የሚከፈልበት ኮምፖነንት ቢኖረን በ57 ብር ሂሳብ 28,500 ብር ነው፤ በ120 ብር ሂሳብ ግን 60,000 ብር ይሆናል። ሻጩ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ኮዱም አልተለወጠም። በጀቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ «ክራክ አድርጎ መጠቀም ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ከእኛም ቡድን አንዱ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበር። ያን ምሽት ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ተውነው። ከሕጉ ሌላ አንድ ነገር ነው ያስፈራን፦ ማን እንደከፈተው የማናውቀውን ፋይል የስንት ሰው የሕክምና መረጃ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ልንጭን ነበር። ተያዥ የሌለውን ዘበኛ አሰናብቶ ሌባውን ራሱን ዘበኛ መቅጠር ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ምርቱና ውሉ

ከዚያ ነጻ ኮምፖነንት እንፈልግ አልን። ነጻ ማለት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለት አይደለም። ለምሳሌ አይቴክስት የተባለውን ታዋቂ የፒ.ዲ.ኤፍ. ላይብረሪ ውሰዱ። እስከ 2.1.7 ድረስ ያሉት እትሞች ላላ ባለ ላይሰንስ የወጡ ነበሩ። በ2009 መጨረሻ አምስተኛው እትም ሲወጣ ላይሰንሱ ወደ ኤ.ጂ.ፒ.ኤል. ተለወጠ። ይህ ላይሰንስ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በኔ ላይ የሠራኸውን ለሌላ ሰው ስትሰጥ፣ ወይም እኔን አሻሽለህ በኔትወርክ አገልግሎት ስትሰጥበት፣ ኮድህን በዚሁ ላይሰንስ ክፈት፤ ካልፈለግህ የንግድ ላይሰንስ ግዛ። ላይሰንሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሠሪው ያለው መብት ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል ሲስተሙን ለሌሎች ክሊኒኮች ኮዱን ዘግቶ የመሸጥ ሐሳብ የነበረው ልጅ ነበር። ላይሰንሱን ሳናነብ ብንቀጥል ኖሮ ያ ሐሳብ ሳናውቀው ተዘግቶ ነበር።

ላይሰንስ በመሃል ሊለወጥም ይችላል። ሬዲስ የተባለው ታዋቂ የመረጃ ማከማቻ በመጋቢት 2024 ከቀድሞው ልቅ ላይሰንስ ወደ ጠበቀ ላይሰንስ ተዛወረ። ወዲያው ሌሎች ድርጅቶች ከቀድሞው ኮድ ተነስተው በሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ቫልኪ የተባለውን ቅርንጫፍ መሠረቱ። በ2025 ደግሞ ሬዲስ ኤ.ጂ.ፒ.ኤል.ን እንደ አንድ አማራጭ ጨመረ። ባለቤትም እንዲሁ ይለወጣል። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል.ን በ2008 ሰን ኩባንያ ገዛው፤ በ2010 ሰንን ራሱን ኦራክል ጠቀለለው። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ማይክል ዊዴኒየስ በ2009 ማሪያ ዲ.ቢ.ን የጀመረው ይህንኑ ፈርቶ ነው። በሁለቱም ታሪክ ተጠቃሚው ማምለጫ ያገኘው የቀድሞው ላይሰንስ ኮዱን ወስዶ መቀጠልን ስለሚፈቅድ ነበር። ዝግ ኮምፖነንት ቢሆን ኖሮ ያለው ምርጫ መክፈል ወይም መተው ነበር።

ፊደል እንኳ ላይሰንስ አለው። ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ጋር መጥቶ ኮምፒዩተራችን ላይ ስላለ ፋይሉን ገልብጠን ከሲስተማችን ጋር ማከፋፈል እንችላለን ማለት አይደለም። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ግን በክፍት የፊደል ላይሰንስ የወጣ ስለሆነ ይቻላል። እኛም በዚሁ ተካነው።

አራተኛ፦ መውጫ በሩ

ይህኛውን የምጨምረው አገራችን በደንብ ስለምታውቀው ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የፊደል ኮድ ይሠሩ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሶፍትዌሮቹ መጥፎ ስለነበሩ አይደለም፤ እንዲያውም ኮምፒዩተርን አማርኛ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሲመረጡ «ነገ ሌላ ብንጠቀም ጽሑፋችን አብሮን ይወጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ዛሬም የድሮ ፋይል ለመክፈት የድሮ ኮምፒዩተር አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ብታዩ አትሳቁበት።

ኮምፖነንት ስንገጥም ስለ መግባቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መውጣቱም እንጠይቅ። መረጃው የሚቀመጠው ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ነው? ኮምፖነንቱን የሚጠራው ኮድ አንድ ቦታ ተሰብስቧል ወይስ በሲስተሙ ሁሉ ተበትኗል? የእኛው በ34 ፋይሎች ውስጥ ተበትኖ ስለነበር ነው መተካቱ ሦስት ሳምንት የፈጀው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

አንዳንድ ጓደኞቼ «እሺ፣ ሠንጠረዡ ላይ ቴክኒካዊ ያልሆኑትን ጨምረን ነጥብ እንስጥ» ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። በሂሳብ ላሳያችሁ። ለቴክኒካዊው 80 በመቶ፣ ለሌላው 20 በመቶ ክብደት ሰጠን እንበል። «ሀ» በቴክኒክ 95፣ በሌላው 10 አገኘ፤ ድምሩ 76 ሲደመር 2፣ 78 ይሆናል። «ለ» በቴክኒክ 75፣ በሌላው 85 አገኘ፤ ድምሩ 60 ሲደመር 17፣ 77 ይሆናል። አሸናፊው «ሀ» ነው! ልንከፍለው የማንችለው፣ ባለቤቱ የማይታወቀው ኮምፖነንት በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ፍጥነት የላይሰንስን ጉድለት አይሞላም፤ ድምሩ ግን የሞላ ያስመስለዋል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ መጀመሪያ ወንፊት፣ ከዚያ ሚዛን ነው። ነጥብ ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዱን ኮምፖነንት በሦስት ጥያቄ እንንፋው፦

1. ላይሰንሱን አንብበነዋል? ልናደርግበት ያሰብነውንስ ይፈቅዳል?
2. ዛሬ ብቻ ሳይሆን ደንበኛው በሚጠቀምበት ዘመን ሁሉ፣ በሚጠየቀው የገንዘብ ዓይነት መክፈል ይቻላል?
3. ሠሪው ነገ ቢጠፋ መረጃችንን ይዘን መውጣት እንችላለን?

አንዱን እንኳ ያላለፈ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ያለፉትን ግን በሚዛን እናወዳድር፤ ቴክኒኩን ከነጠባቂዎቹ ብዛት፣ ከመመሪያ ሰነዱ ጥራት፣ ከሚሰጠው እርዳታና ካለፈ ታሪኩ ጋር።

በመጨረሻ እኛ የገባነው በአፓቺ 2.0 ላይሰንስ ወደሚሰጠው ፒ.ዲ.ኤፍ. ቦክስ ነው። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ሠንጠረዣችን አራተኛ ነበር። የሪፖርት መንደፊያ ስለሌለው የሠንጠረዡን መስመር አንድ በአንድ በኮድ ሠመርን። ወረቀቱም እንደ በፊቱ አያምርም። ግን ከኋላው የሚታወቅ ፋውንዴሽን አለ፣ ላይሰንሱ ግልጽ ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። አሁን የምንጠራውም ከአንድ ፋይል ብቻ ነው። እትዬ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያዩ «ያኛው ይበልጥ ያምር ነበር፣ ይሄኛው ግን ይነበባል» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ የጥራት ትርጉም አልሰማሁም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ለዲፓርትመንታችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የፕሮጀክት ሰነድ ቅጻችን ላይ ለምንጠቀምበት ኮምፖነንት ሁሉ ስሙን፣ እትሙን፣ ሠሪውን፣ ላይሰንሱንና መውጫውን የምንሞላበት አንድ ገጽ ይጨመርልን። ለዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችም፦ መምህራችሁ «ተያዡ ማነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ ቀልድ አይምሰላችሁ። መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

ቸር ይግጠመን!